ስለ አካል ጉዳተኛ ልጆቻችን የትኛው ዕጩ ምን አለ? ከመምረጣችን በፊት እንነጋገርበት

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ቨርጂኒያ ለኮንግረስ የሚወዳደሩ ሁለት ዕጩዎች ወደ ሠፈራችን አዳራሽ መጥተው ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ኦቲዝም አለበት። ጫጫታ ስለማይወድ ሁለት ጆሮውን ይዞ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጠ፤ እኔ ማይክሮፎኑ እስኪደርሰኝ ተሰልፌ ቆምኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፦ «ልጄ ለዌይቨር ከተመዘገበ ስምንት ዓመቱ ነው። እርስዎ ቢመረጡ ለሜዲኬይድ የሚመደበው ገንዘብ እንዲጨምር ነው ወይስ እንዲቀንስ ድምፅ የሚሰጡት?»

አንደኛው ዕጩ ዳውን ሲንድረም ስላለበት የአጎታቸው ልጅ አጫወቱን፤ የቤቱ ሁሉ ሳቅ እንደሆነ ነገሩን። ሁለተኛዋ «የአካል ጉዳተኞች መብት ሰብዓዊ መብት ነው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ሁለቱም እንዳልመለሱልኝ የገባኝ መኪና ውስጥ፣ ለልጄ ቀበቶውን ሳስርለት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ሜዲኬይድ አቅም ለሌለው ሰው የፌዴራሉ መንግሥትና ስቴቱ በጋራ የሚከፍሉት የሕክምና ዋስትና ነው። አንድ ስቴት ለነርሲንግ ሆም (ሰው ገብቶ ለሚታመምበት መጦሪያ ተቋም) የመክፈል ግዴታ አለበት። ሰው በገዛ ቤቱ እየኖረ ረዳት እንዲያገኝ የሚያስችለው አገልግሎት ግን በአብዛኛው ስቴቱ ከፈለገ የሚሰጠው፣ ካልፈለገ የሚተወው ነው። ዌይቨር የምንለው ይህንን ነው። ፈቃድ ስለሆነ በቁጥር ይገደባል፤ ስለሚገደብም ወረፋ አለው። በመላው አሜሪካ ከ600,000 በላይ ሰው ተሰልፏል። እንግዲህ ከዋሽንግተን የሚመጣው ገንዘብ ሲያጥር ስቴቱ መጀመሪያ የሚቆርጠው ግዴታውን ነው ወይስ ፈቃዱን? ለዕጩዎቹ ያቀረብኩት ጥያቄ ይኸው ነበር።

እስካሁን ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባይደን ሲወዳደሩ ይህንን ወረፋ አጠፋለሁ ብለው ነበር። በ2021 ለቤት ውስጥ እንክብካቤ 400 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። የተወካዮች ምክር ቤት ወደ 150 ቢሊዮን አወረደው፤ ሴኔት ሲደርስ ምንም ሳይተርፍ ቀረ። በ2024 ካማላ ሃሪስ ሜዲኬር የሚባለው፣ በዋናነት የአረጋውያን የሆነው የሕክምና ዋስትና ለቤት ውስጥ እንክብካቤ እንዲከፍል አደርጋለሁ አሉ። ትራምፕ ደግሞ ቤተሰቡን ለሚያስታምም ሰው የግብር ቅናሽ ቃል ገቡ። ትራምፕ አሸነፉ። በጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሕግ በአሥር ዓመት ውስጥ ከፌዴራሉ የሜዲኬይድ ወጪ 900 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ተገምቷል።

እናንተስ በየስቴታችሁ ዕጩዎቻችሁ ምን ይላሉ? «ልባችን ከእናንተ ጋር ነው» የሚለውን ሳይሆን የሚቆጠር ነገር ካላችሁ አካፍሉኝ።

የታክሲው ሰው፦

እህቴ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? ራስሽ ጽፈሽዋል እኮ። አንዱ ቃል ገባ፣ አልሰጠም። ሌላው ቃል ገባ፣ ቀነሰ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ስኖር ለምርጫ የተሰለፍኩት አንድ ቀን ነው፤ በዚያች ቀን ያጣሁትን ገቢ እስካሁን አልተካሁትም።

ዳላስ ነኝ፦

እናት ከአሌክሳንድሪያ፣ ልጅዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ነገር ግን በፓርቲ ስም ብቻ እንዳይፈርዱ ልለምንዎ። ለአካል ጉዳተኞች እኩልነት ትልቁ የሚባለውን ሕግ በጁላይ 26 ቀን 1990 የፈረሙት ሪፐብሊካኑ አባት ቡሽ ናቸው። ሕጉን በሴኔት ያቀረቡት ዴሞክራቱ ቶም ሃርኪን መስማት የተሳነው ወንድም ነበራቸው፤ ንግግራቸውን በከፊል በምልክት ቋንቋ ነው ያደረጉት። የዚያን ጊዜ ሰዎቹ ተባብረው ሠርተዋል። ወደ እርስዎ ስቴት ስንመጣ ደግሞ፣ ለመጀመሪያው ደረጃ ተጠባባቂዎች፣ አስቸኳይ ለሚያስፈልጋቸው ማለት ነው፣ 3,440 አዲስ የዌይቨር ቦታ በበጀት ረቂቃቸው ያስገቡት የያኔው የቨርጂኒያ ገዥ ያንግኪን አይደሉምን? እሳቸውም ሪፐብሊካን ናቸው።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

እውነትዎን ነው። በ2024ቱ በጀት ጸድቋል፤ የጎረቤቴ ሴት ልጅ ያኔ ነው የደረሳት፤ እልል ብለን ቡና አፍልተናል። የእኔ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ስለሆነ አልደረሰውም። ገዥው ያደረጉትን አልክድም። ግን የስቴቱ ቦታ ግማሽ ያህሉ ገንዘብ የሚመጣው ከፌዴራሉ ነው። ለዚህ ነው የኮንግረስ ዕጩዎችን የያዝኳቸው።

የቴክሳስ ጎረቤት፦

ዳላስ ነኝ ላሉት ወንድሜ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔም ሂውስተን ነኝ። እዚህ ያለው ወረፋ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ከ1995 ጀምሮ ያልተቋረጠው የሪፐብሊካን ገዥዎች አስተዳደር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገዥያችን አቦት በ1984 ዛፍ ወድቆባቸው ከዚያ ወዲህ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። በሴፕቴምበር 2024 ግን የእኛው ስቴት ዐቃቤ ሕግ ከሌሎች 16 ስቴቶች ጋር ሆነው የአካል ጉዳተኞችን ከአድልዎ ስለሚጠብቀው የ1973 ሕግ የወጣውን አዲስ ደንብ ለማሰረዝ ፍርድ ቤት ሄዱ። ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሁሉ የዊልቸሩን ሕግ ይደግፋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ ነው።

ዳላስ ነኝ፦

የወረፋውን ነገር አልከራከርም፤ ያሳፍራል።

የሰው ቤት ሠራተኛ፦

ሜሪላንድ ነኝ። ሥራዬ የሰው ቤት እየሄዱ መንከባከብ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀስ ሰው ቤት እገባለሁ። መጀመሪያ አገላብጬ ጀርባውን አየዋለሁ፤ ቆዳው ቀይ ካለ ያን ቀን ከዚያ ጎን አይተኛም። ከዚያ አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ በማንሻው ማሰሪያ አንጠልጥዬ ወደ ዊልቸሩ አዛውረዋለሁ። ማሰሪያው አንድ ጣት ከተዛነፈ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ዘሞ ይቀመጣል፤ ደግሞ ለሥራ በቪዲዮ ስብሰባ የሚገባ ሰው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የሚከፈለኝ በሰዓት 17 ዶላር ነው። እኔ ከቀረሁ እሱ ከአልጋው አይወርድም።

ስለ ዕጩ ከተነሣ እኔ የምጠይቀው የሠራተኛውን ደመወዝ ነው። ዌይቨር አግኝተው ሠራተኛ ያጡ ቤተሰቦች ሞልተዋል። በ2024 የባይደን አስተዳደር ያወጣው ደንብ ሜዲኬይድ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ከሚከፍለው ውስጥ 80 በመቶው ለሠራተኛው ክፍያ እንዲውል ያዝዛል፤ ለዝግጅት ግን ስድስት ዓመት ሰጥቷል። ዕጩዎቻችሁን «ይህንን ደንብ ትደግፋላችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። አዎ ወይም አይደለም ከማለት ውጭ መሸሻ የለውም።

ሌላም አለ። ከእኔ ጋር በፈረቃ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ጥገኝነት ጠይቀው የሚጠብቁ ናቸው። «ስደተኛ ይውጣ» የሚል ዕጩ ስለ አካል ጉዳተኛ አንድ ቃል ባይናገርም ተናግሯል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገርሽን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ጥያቄሽን መዝግቤዋለሁ።

ቃለ ሕይወት፦

እህቴ፣ ፖለቲካውን ተዪው። ልጁን ጠበል ወስደሽው ነበር? እኛ ዘንድ ሰባት ቀን ተጠምቆ የተናገረ ልጅ አለ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወስጄዋለሁ፤ አገር ቤት ሄጄ ሁለት ሱባኤ ይዣለሁ። ጠበሉ ለእኔም ጽናት ሆኖኛል። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔ ሥራ ስሄድ ከልጄ ጋር የሚውል ሰው አይልክልኝም። ለዚያኛው ኮንግረስን ነው የምለምነው።

ሒሳብ ሠሪው፦

በዚህ ውይይት ላይ ማንም ያላነሣውን ላንሣ፤ ዕቁብ።

ግብር የማሠራላቸው አንድ አባት ነበሩ። ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወጣት ነው፤ በየወሩ ከሶሻል ሴኩሪቲ ኤስ ኤስ አይ ያገኛል፤ አቅም ለሌለው አካል ጉዳተኛና አረጋዊ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ ነው። አባትየው የገቡት ዕቁብ ሲደርሳቸው 12,000 ዶላሩን «ለልጄ ይሁነው» ብለው በልጁ ሒሳብ አስገቡት። በእኛ ባህል ከዚህ የተሻለ የአባት ሥራ የለም። ነገር ግን ኤስ ኤስ አይ የሚያገኝ ሰው በስሙ ከ2,000 ዶላር በላይ ሊኖረው አይገባም፤ ባልና ሚስት ከሆኑ 3,000። ገንዘቡ አምስት ወር ተቀመጠ። በስድስተኛው ወር ደብዳቤ መጣ፦ ክፍያው ተቋርጧል፣ የአምስቱ ወር ገንዘብም ይመለስ። አባትየው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አጥፈው ኪሳቸው ይዘውት ነበር፤ ቢሮዬ ገብተው ሲዘረጉት በእጥፋቱ ላይ ተቀዷል። «ሌባ ነው የሚሉኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ የ2,000 ዶላር ጣሪያ ከ1989 ጀምሮ አልተነካም። የኑሮ ውድነት ሲጨምር እሱ እዚያው ቆሟል። በ2020 ባይደን ላሻሽለው ነው ብለው ነበር፤ አልሆነም። በሴኔት ዴሞክራቱ ሼሮድ ብራውንና ሪፐብሊካኑ ቢል ካሲዲ አብረው ጣሪያውን ወደ 10,000 የሚያሳድግ ረቂቅ አቅርበው ነበር፤ እሱም አልጸደቀም። ብራውን በ2024 ተሸንፈው ወጡ። እንግዲህ የእኔ ጥያቄ፦ ዕጩዎ ይህንን ረቂቅ ይፈርማሉ? ስለ አጎታቸው ልጅ ሳይሆን ስለ 2,000 ዶላሩ ይንገሩን።

እስከዚያው ግን በአካል ጉዳተኛ ልጃችሁ ስም ዕቁብ አታስገቡ። ኤብል የሚባል የቁጠባ ሒሳብ አለ፤ በ2014 ኦባማ በፈረሙት ሕግ የመጣ ነው። በዚያ ውስጥ እስከ 100,000 ዶላር ቢቀመጥ ለኤስ ኤስ አይ አይቆጠርም። በፊት ጉዳቱ ከ26 ዓመት በፊት ለደረሰበት ሰው ብቻ ነበር፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ46 ዓመት በፊት ለደረሰበት ሆኗል። በየዓመቱ የሚገባው መጠን ገደብ ስላለው ዕቁቡን በአንድ ጊዜ አትገልብጡት፤ መጀመሪያ ባለሙያ ጠይቁ።

የታክሲው ሰው፦

ይህንን አላውቅም ነበር። የወንድሜ ልጅ ኤስ ኤስ አይ ያገኛል፤ እኛም ዕቁብ ላይ ነን። ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።

ባለ ነጭ በትር፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ጠበቃ ነኝ። ውይይታችሁን በስልኬ ድምፅ እያስነበብኩ ቆየሁ።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አሜሪካ እስከ ዛሬ አላጸደቀችም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 ሴኔቱ ድምፅ ሲሰጥበት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቆስለው ቀኝ እጃቸው የማይሠራው አዛውንቱ ሪፐብሊካን ቦብ ዶል በዊልቸር እየተገፉ ገብተው ነበር። የድሮ ባልደረቦቻቸው እየመጡ ሰላም አሏቸው፤ ከዚያ ከራሳቸው ፓርቲ አብዛኞቹ ተቃውመው ድምፃቸውን ሰጡ። 61 ለ38 ሆነ፤ ሁለት ሦስተኛው አልሞላም።

በወረቀት እንቀድማችኋለን ማለት ነው። ይሁን እንጂ እኛም ደስ አላለንም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ እንዲመች ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ ተሠርተው የማውቃቸው ሕንፃዎች ግን ደረጃቸውን ስቆጥር የምውልባቸው ናቸው። እናት ከአሌክሳንድሪያ «ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም» ያሉት ቆፈረኝ። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኛ የሚደረገውን ድጋፍ በአገሪቱ አቅም መጠን ይወስነዋል። ሁለቱ ሕጎች ወንድማማች ናቸው። ሀብታሙ አገር «ከፈቀድኩ»፣ ደሃው አገር «ከቻልኩ»።

በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የፓርቲ ቅስቀሳ ሠራተኛ ቤቴ ድረስ መጣ። «ማኒፌስቷችሁ በብሬል አለ?» አልኩት። ደንግጦ ዝም አለና «በወረቀት ግን አለን» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እስካሁን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ልብ በሉ፣ በምርጫ አዋጁ 1162/2011 መሠረት ፓርቲዎች ከመንግሥት የሚያገኙት ገንዘብ ሲከፋፈል ያቀረቧቸው አካል ጉዳተኛ ዕጩዎችም ከግምት ይገባሉ። ስለዚህ ዕጩ ይፈልጉናል። የምናነበውን ማዘጋጀት ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱንም ልንገራችሁ፤ በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ከአንድ በመቶ ጥቂት ያለፍን ነበርን። የዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ ግን 17.6 በመቶ ይለናል። ፖለቲከኛው የሚሰላው በመጀመሪያው ቁጥር ነው።

አስመራጭ ኮሚቴው ጣቢያ ስደርስ በብሬል የተዘጋጀ መምረጫ ሰጡኝ፤ ለዚያ አመሰግናለሁ። በሕይወቴ ማንም ሳያይብኝ የመረጥኩበት ቀን እሱ ነው።

የሰው ቤት ሠራተኛ፦

ጋሼ፣ «ማንም ሳያይብኝ» ያሉት አስለቀሰኝ።

የሚኒሶታ አባት፦

ስለ ትምህርት ማንም አላነሣም። ልጄ መስማት የተሳናት ናት። በ1975 ኮንግረስ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጉን ሲያወጣ ከተጨማሪው ወጪ 40 በመቶውን የፌዴራሉ መንግሥት ይሸፍናል ብሎ ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ሁለቱም ፓርቲዎች በየተራ ሥልጣን ያዙ፤ የሚከፈለው ከ15 በመቶ በታች ነው። ቀሪው ከየወረዳው የቤት ግብር ይወጣል፤ ሀብታም ሠፈር አስተርጓሚ ይቀጥራል፣ ደሃው ሠፈር ለምን እንደማይቀጥር ያብራራል። አሁን ደግሞ ይህንን ሕግ የሚያስፈጽመው የትምህርት ሚኒስቴር እንዲዘጋ ትራምፕ በማርች 2025 ትእዛዝ ፈርመዋል። ለዕጩዎቻችሁ የምታቀርቡት ጥያቄ ከዚህ ይውጣ፦ ሚኒስቴሩ ከተዘጋ የልጄ ትምህርት ቤት ሕጉን ሲጥስ ለማን ነው የምከስሰው?

እግረ መንገዴን፣ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግራችሁ ወላጆች፦ ለአይ ኢ ፒ (ለልጁ የሚወጣው የግል የትምህርት ዕቅድ) ስብሰባ የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጄን አድርጌ ነበር፤ ስለ እህቱ የተባለውን ግማሹን ደብቆኛል፣ እንዳልከፋ።

ስም የለሽ፦

ጥገኝነት ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው፤ ግሪን ካርዴ ገና አልመጣም። የሚጥል በሽታ ያለባት እህት አለችኝ፤ እሷም እንደ እኔ ናት። ትራምፕ በጁላይ 2025 በፈረሙት በዚያ ሕግ ሜዲኬይዳችን ይነካል?

ሒሳብ ሠሪው፦

ይነካል። ሕጉ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሬፊውጂነት የገባና ጥገኝነት ያገኘ ሰው በፌዴራል ገንዘብ የሚከፈል ሙሉ ሜዲኬይድ እንዳያገኝ ያደርጋል፤ ግሪን ካርድ ሲመጣ በር ይከፈታል። አንዳንድ ስቴቶች በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኑት ስላለ ስቴታችሁን ጠይቁ። የግሪን ካርድ ማመልከቻውን ካላስገባችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ ግን በእኔ ቃል ብቻ አትሂዱ።

አወያይ፦

ስም የለሽ፣ እባክዎ የጉዳይ ቁጥርም ሆነ የመኖሪያ አድራሻ እዚህ እንዳይጽፉ። የግል መልእክት የላኩልኝ አንድ ጠበቃ በነጻ ሊያነጋግሩዎ ፈቃደኛ ናቸው። በነገራችን ላይ «በሽተኛ»፣ «ደንቆሮ» የሚሉ ቃላት የያዙ ሁለት አስተያየቶችን አንሥቻለሁ። አካል ጉዳተኛ፣ መስማት የተሳነው እያላችሁ ጻፉ።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከጥያቄዎቻችሁ ሦስቱን መርጬ ለሁለቱም ዕጩዎች ቢሮ በጽሑፍ ላክሁ፤ ሜዲኬይዱን፣ 80 በመቶውንና 2,000 ዶላሩን።

የሴትየዋ ቢሮ በአራተኛው ቀን መለሰ። ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው «አዎ፣ የሚጨምረውን እንደግፋለን»፤ ስለ 80 በመቶው «እያጠናነው ነው»። የሰውየው ቢሮ ደወለልኝ፤ ትሑት ወጣት ነው የደወለው። ስለ ሜዲኬይዱ «ማጭበርበርን እንጂ አገልግሎትን አንቀንስም» አለኝ። «ማጭበርበሩ ተለይቶ እስኪወጣ ድረስ ስቴቱ የልጄን ቦታ ቢዘጋስ?» ብዬ ስጠይቀው መልሶ ሊደውልልኝ ቀጠረኝ። አልደወለም። ስለ 2,000 ዶላሩ ግን «እሱ በእርግጥ ያረጀ ሕግ ነው፣ አለቃዬ ይፈርሙታል» አለኝ፤ በጽሑፍ ላክልኝ ብዬው ላከልኝ። ይህንን አስቀምጫለሁ። ዳላስ ነኝ ላሉት ወንድሜም ለፍትሕ ስል ነው የጻፍኩት።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። ልጄ አሥራ ስምንት ሲሞላው አንድ ሰው «ሞግዚትነት (በእሱ ፋንታ የመወሰን ሥልጣን) ከፍርድ ቤት አውጪ» ብሎ መክሮኝ ነበር፤ ሳላወጣ ዘገየሁ። አሁን ልጄ መምረጥ እፈልጋለሁ ይላል። ይቻለዋል?

የሕግ ተማሪዋ፦

እንኳንም ዘገዩ! የቨርጂኒያ ሕገ መንግሥት በፍርድ ቤት የአእምሮ ብቃት የለውም የተባለ ሰው እንዳይመርጥ ይከለክላል። ሙሉ ሞግዚትነት አውጥተው ቢሆን ኖሮ የልጅዎ ድምፅ አብሮ ሊሄድ ይችል ነበር። ስቴቱ ከ2021 ጀምሮ ሌላ መንገድ ያውቃል፤ ልጅዎ ራሱ እየወሰነ የሚያምናቸው ሰዎች የሚያግዙበት የስምምነት ሰነድ ነው። እሱን ያስቡበት።

በምርጫው ቀን ደግሞ በአካል ጉዳት ወይም ማንበብ ባለመቻል እርዳታ የሚያስፈልገው መራጭ የሚፈልገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፤ በ1982 በምርጫ መብት ሕጉ ላይ የተጨመረ ድንጋጌ ነው። የማይፈቀደው ቀጣሪው ወይም የእሱ ወኪል፣ አለዚያም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለማያነቡ እናቶቻችንም ያገለግላል። በየጣቢያው ለአካል ጉዳተኛ የሚመች ማሽን መኖርም በ2002 ሕግ ግዴታ ነው፤ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ስላለው ጫጫታም ይቀንስለታል።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦

ትናንት ማታ አስመዘገብኩት። ስሙን ራሱ ተየበ፤ አንዱን ፊደል ሁለት ጊዜ መትቶ ነበር፣ ራሱ አይቶ አጠፋው። የሁለቱን ዕጩዎች መልስ አትሜ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። «2,000» የሚለውን ቁጥር በቀይ አከበበው፤ ቁጥር ይወዳል።

አብሮት የሚገባ ሰው እንዲመርጥ ስጠይቀው ልቤ ሞልቶ ነበር የጠበቅኩት። ታናሽ እህቱን መረጠ። እኔ በጣም እንደማወራ ነገረኝ።